ስምንት ቀንና ስምንተኛው ሺህ

ክርስቶስ በተራራው ላይ መልኩ የተለወጠበትን ዕለት ማቴዎስና ማርቆስ ከስድስት ቀን በኋላ ሲሉ፣ ሉቃስ ስምንት ቀን ያህል ይላል። ስለዚህ ልዩነት ብዙ ተጽፏል። አማርኛ ተናጋሪ ግን የሚደናገርበት ምክንያት የለም። እሑድ ዕለት «የዛሬ ስምንት ቀን እንገናኝ» የተባለ ሰው የሚመጣው በሚቀጥለው እሑድ እንጂ ሰኞ አይደለም። ሁለቱም እሑዶች በቁጥሩ ውስጥ ናቸው። «ሳምንት» የሚለው ቃል ራሱ የስምንት ዘመድ ነው። ሉቃስ ዳርና ዳሩን ጨምሮ ቆጠረ፣ ሌሎቹ መካከሉን ብቻ ቆጠሩ ብለን ብናነብ ጠቡ ይበርዳል።

ሦስቱ የመቃብር ቀናትም እንዲሁ ናቸው። ከዓርብ ዘጠኝ ሰዓት እስከ እሑድ ንጋት ያለው ጊዜ ቢደመር አርባ ሰዓት አይሞላም። ሆኖም የዓርቡ ቁራጭ እንደ አንድ ቀን፣ የእሑዱም ንጋት እንደ አንድ ቀን ተቆጠረ። በዚህ አቆጣጠር ክፋይ ስለ ሙሉው ይቆማል።

ይህ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሊቃውንቱ በተውነው ነበር። ነገር ግን ይኸው ሥርዓት በወይን አትክልቱ ምሳሌ ውስጥ የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። ባለቤቱ ሠራተኞችን ማለዳ፣ በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በመጨረሻም በዐሥራ አንድ ሰዓት ይቀጥራል። ሰዓትን ከንጋት ለሚቆጥር አንባቢ ዐሥራ አንድ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፤ ጥላው ረዝሟል፣ ከብቶች ወደ በረት እየተመለሱ ነው። ለሁሉም የተከፈለው አንድ አንድ ዲናር ነው። የማለዳዎቹ አጉረመረሙ። እኔ በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ቀኑን ሙሉ በሐሩር የደከመ ሰው ድካሜ ይታይልኝ ቢል አግባብ አለው። ይሁንና የማታዎቹ ለምን ቆማችሁ ዋላችሁ ተብለው ሲጠየቁ የሰጡትን መልስ አለማስተዋል አይቻልም፤ የሚቀጥረን አጣን ነው ያሉት። እነርሱም ቀኑን ሙሉ በአደባባይ ውለዋል። ሥራ ፍለጋ የቆመ ሰው ያሳለፈው ሰዓት በማን መዝገብ ይጻፋል? የማታ እንጀራቸውስ ከሌላው ያንሳልን? ባለቤቱ የሥራቸውን ክፋይ እንደ ሙሉ ቀን ቆጠረው።

ቁጥር ከሰው ሲለይ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ሺህ ዓመት በፈጣሪ ዘንድ እንደ አንድ ቀን ነው የሚለው አስተሳሰብ በመሠረቱ የሰውን ስሌት የሚገታ ነበር፤ ሰዎች ግን የስሌት ቀመር አደረጉት። በአገራችን ለአዳም የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ 5500 ዘመን ሆነ። አሜሪካዊው ዊልያም ሚለርና ተከታዮቹ ደግሞ በትንቢተ ዳንኤል የተጻፉትን 2300 ቀናት ዓመታት አድርገው፣ ከ457 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምረው በመቁጠር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ቀን 1844 ላይ ደረሱ። በዚያ በልግ ሰብላቸውን ሳያነሡ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። ቀኑ እንደማንኛውም ቀን መሽቶ ነጋ።

እኛም «ስምንተኛው ሺህ» የምትል ምሕላ መሳይ አባባል አለችን። ልጅ አባቱን ሲደፍር፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲክድ፣ ዘመኑ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ጥፋቱ ከአጥፊው ላይ ተነሥቶ ቁጥሩ ላይ ይጫናል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ግን ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ትውልድ በ1521 የሽምብራ ኩሬን ጦርነት አየ። መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1628 ገደማ ፋሲል ጎንደርን ሲቆረቁር፣ ድንጋዩን የጠረቡትና ኖራውን ያቦኩት ሰዎችም የሚኖሩት በዚያው በስምንተኛው ሺህ ውስጥ ነበር።