የአሮጌ ሞተር ሳይክል የፊት ፍሬንና የባለቤቱ ዕዳ

ትራይምፍ ቦንቪል ቲ120 የተሰኘው የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ሲቀርብ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስሮጥ የ650 ሲሲ ሞተር ነበረው። ያን ፍጥነት የሚገታው የፊት ፍሬን ግን 203 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው የከበሮ ፍሬን ነው። በከበሮው ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ቅስት ብረቶች አሉ፤ አሽከርካሪው የፍሬኑን እጀታ ሲጨብጥ ካቦው ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ያደርጋቸውና ከከበሮው የውስጥ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ። አንደኛውን ቅስት የጎማው ዙረት ወደ ግድግዳው እየሳበ ያግዘዋል፤ ሌላውን ያው ዙረት መልሶ ይገፋዋል። ከሁለቱ በሙሉ ጉልበቱ የሚሠራው እንግዲህ አንዱ ብቻ ነው። ፋብሪካው በ1968 ሁለቱም ቅስቶች በዙረቱ የሚታገዙበትን ፍሬን ገጠመ። በ1969 የጃፓኑ ሆንዳ ሲቢ750 በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ይዞ ወጣ፤ ትራይምፍም በ1973 ወደ ዲስክ ተሻገረ።

የከበሮ ፍሬን ድክመት በይበልጥ የሚገለጠው ሲግል ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ከበሮው ሞቆ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ከሸራው ይርቃል። ሸራው ራሱ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ዲስክ ግን በነፋስ መካከል የሚዞር ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። የፊቱ ፍሬን ከኋላው ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጎማ ስለሚጫን ነው፤ የማቆሙን ሥራ አብዛኛውን የሚሸከመው እርሱ ነው።

ልዩነቱ በስሌት ሲታይ ያስደነግጣል። ሁለት ሞተር ሳይክሎች በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንበል። የአንደኛው ፍሬን በእያንዳንዱ ሰከንድ ከፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜትር፣ የሌላው በሰከንድ 8 ሜትር ይቀንሳል። በአንድ ቅጽበት ፍሬን ቢይዙ ብርቱው 31 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ ደካማው 49 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ብርቱው ቀጥ ባለበት ስፍራ ላይ ደካማው ገና በሰዓት 49 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። በዚያ ስፍራ ላይ ሰው ቢኖር፣ ለአንዱ ድንጋጤ ብቻ የሆነው ነገር ለሌላው ሞት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ሞተር ሳይክል በእጁ ያለ ሰው የፊት ፍሬኑን ለመቀየር ሲያስብ ሁለት ጥያቄዎች ተያይዘው ይነሣሉ። አንደኛው ስለ ዕቃው ማንነት ነው፦ አካሉ ሲለወጥ ያው ሞተር ሳይክል ይባላልን? ሁለተኛው ስለ ባለቤቱ ነው፦ ድክመቱን አውቆ እንዳለ መተው ይፈቀድለታልን? የአሮጌ ዕቃ ወዳጆች አብዝተው የሚሟገቱት በመጀመሪያው ነው። ክብደቱ ያለው ግን በሁለተኛው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜው ረጅም ነው። ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎቹም ያው መርከብ ነው፣ አይደለም እያሉ ተከራከሩ። ቶማስ ሆብስ በ1655 ባሳተመው መጽሐፉ ክርክሩን አከረረው፦ የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ እንደ ቀድሞው ቢገጥማቸው የቴሴዎስ መርከብ የትኛው ነው? ይህ ለሞተር ሳይክል ባለቤት ተረት አይደለም። የወለቀው የከበሮ ፍሬን በሣጥን ውስጥ አለ፤ ሊሸጥ ይችላል፤ በሌላ ሞተር ሳይክል ላይም ይገጠማል። ሆኖም መዝገብ ያለው መንግሥት የሚጠይቀው ስለ ፍሬኑ ሳይሆን ስለ ሻንሲና ስለ ሞተር ቁጥር ነው። ማንነት በቁጥር ከተወሰነ ፍሬኑ ምንም አያጎድልበትም። ማንነት በእያንዳንዱ ብረት ላይ ነው ከተባለ ደግሞ ጎማው አንዴ በተቀየረ ቀን ያ ሞተር ሳይክል ጠፍቷል ማለት ይሆናል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ አንዳንዱ አካል ሊያልቅ የተሠራ ነው፣ አንዳንዱ ሊቆይ።

የፍሬን ሸራ ሊያልቅ ከተሠራው ወገን ነው፤ እየተፋቀ መሥራት ተፈጥሮው ነው። በዚያ ዘመን በነበረው ሸራ ውስጥ ደግሞ አዝቤስቶስ ነበረ። ብናኙ ሳንባን ለነቀርሳ የሚዳርግ በመሆኑ ብሪታንያ በ1999 ፈጽማ ከልክላዋለች። ስለዚህ «እንደ ተሠራ ይኑር» የሚለው ወገን እንኳ በፍሬኑ እምብርት ላይ የመጀመሪያውን ነገር መልሶ ሊያኖር አይችልም፤ ሊያኖርም አይፈልግም። የመካኒኩን ሳንባ ለማዳን ሲባል ለውጥ ተፈቅዷል። የእግረኛውን ሕይወት ለማዳን የሚደረገው ለውጥ በምን ሕግ ይከለከላል?

አርስቶትል ስለ ነፍስ በጻፈው ሥራው ማየት ያቃተው ዓይን በስም ብቻ ዓይን እንደሆነ ይናገራል፤ እንደ ሐውልት ዓይን ነው። በዚህ መንገድ ከሄዱ፣ የማያቆም ፍሬን በስም ብቻ ፍሬን ነው። ነገር ግን አሮጌው የከበሮ ፍሬን ጨርሶ የታወረ ዓይን አይደለም፤ የደከመ ዓይን ነው። በደንብ ከተያዘ ያቆማል፣ ይዘገያል እንጂ። ዛሬ አሳሳቢ ያደረገውም የራሱ መዳከም ብቻ አይደለም። ከፊቱ ያለው መኪና በአጭር ርቀት ቀጥ ይላል፤ ፍሬን ከአካባቢው ተነጥሎ በቂ ወይም በቂ ያልሆነ ሊባል አይችልም።

እንዳለ ይቆይ የሚሉት ሰዎች ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ስለ ጥንታዊ ሕንጻዎች ሲደነግግ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ እንዲቆም፣ የሚተካውም ክፍል ከመላው ጋር ተስማምቶ ከጥንተኛው ግን እንዲለይ አዝዟል። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ያወጣው የቱሪን ቻርተርም ይህን መንፈስ ለተሽከርካሪ አውርዶታል። አሮጌ ዕቃ ምስክር ነው። ደካማው ፍሬን የዚያን ዘመን አሽከርካሪ እንዴት ሩቅ እንደሚመለከት፣ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ እንዴት እንደሚገታ፣ ከፊቱ ካለው ምን ያህል እንደሚርቅ ይመሰክራል። ያ ፍሬን ሲወልቅ በእጅና በዓይን ውስጥ የኖረ አንድ ዕውቀት አብሮ ይወልቃል። ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው፣ እንደ ኪሳራም ሊቆጠር ይገባዋል። በሌላ በኩል በጃፓን የኢሴ መቅደስ በየ20 ዓመቱ ከመሠረቱ በአዲስ እንጨት ይታነጻል፤ ጥንታዊነቱ ያለው በእንጨቱ ሳይሆን በቅርጹና በአናጺዎቹ ጥበብ ነው ተብሎ ስለሚታመን። በ1994 የወጣው የናራ ሰነድም የእውነተኛነት መለኪያ በየባህሉ እንደሚለያይ ተቀብሏል። ስለዚህ በማንነት ጥያቄ ላይ ብያኔው ሰፊ ነው፤ ጠባቂውም ለዋጩም ሚዛናዊ ምክንያት አላቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን እንዲህ ሰፊ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ወጊ በሬ የተጻፈ ሕግ አለ። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው አስቀድሞ የመውጋት ልማድ የነበረበት፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ እንደሆነ ግን ባለቤቱም በነፍሱ ይጠየቃል። በሬው በሁለቱም ጊዜ ያው በሬ ነው፤ የሞተውም ሰው ሞቱ ያው ነው። ፍርዱን የለወጠው የባለቤቱ ማወቅ ነው። በ1959 የከበሮ ፍሬን ያለው ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው በጊዜው ብዙም የተሻለ አማራጭ ስላልነበረው እንዳልተነገረው ባለቤት ነው። የዛሬው ባለቤት ተነግሮታል። ስሌቱን ያውቃል፣ የተሻለ ፍሬን እንዳለ ያውቃል፣ ቁልቁለት ላይ እጀታው ሲላላ በገዛ እጁ ቀምሶታል።

በዘዳግም ምዕራፍ 22 ያለው ትእዛዝ ደግሞ ወደ ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ማንም ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይመጣ ለጣራው ዙሪያ መከታ ያድርግ ይላል። ጣራው በዚያ አገር ሰው የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ጣራ ነው። የቤቱ ጌታ የጣራውን ጠርዝ በጨለማም ያውቀዋል፤ መከታው በዋናነት የሚጠብቀው የማያውቀውን እንግዳና ሕፃኑን ነው። ትእዛዙ «አዲስ ቤት» ስለሚል አሮጌው ቤት ነጻ የወጣ ሊመስል ይችላል፤ የአይሁድ ሊቃውንት ትርጓሜ ግን ቤቱን የገዛውንም የወረሰውንም በግዴታው ውስጥ ያስገባል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሙሴ ቤን ማይሞን ደግሞ ሰውን ሊገድል የሚችል ማንኛውም እንቅፋት ከጣራው ጋር አንድ እንደሆነ ወስኗል። ሞተር ሳይክሉን ከአያቱ የወረሰው ሰው «እኔ አልሠራሁትም» ቢል በዚህ ሕግ ፊት አያመልጥም።

የሞተር ሳይክል ፍሬን እንደ መከታው ነው፤ ከባለቤቱ ይልቅ የሌላው ሰው ነው። የነዳጅ ጋኑ ቀለም፣ የጭስ ማውጫው ድምፅ፣ የወንበሩ ቆዳ የባለቤቱ ብቻ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ለጥንቱ መታመን ማንንም አይጎዳም። አሽከርካሪው በራሱ ላይ የሚያመጣው አደጋ ወዶ የገባበት ነው ሊባል ይችላል። ከኋላው የተቀመጠው ሰው ግን ስለ 49 ሜትሩ ምናልባት አልተነገረውም። መንገድ የምታቋርጠው ልጅ ደግሞ በማንም ዘንድ ፈቃዷን አልተጠየቀችም። ለሞተር ሳይክሉ ታሪካዊነት የሚከፈለው ዋጋ ከእርሷ አካል ላይ ሊቆረጥ አይገባም።

ይህ ማለት ግን ግዴታው ዲስክ መግጠም ነው ማለት አይደለም። የዘጸአቱ ሕግ ባለቤቱን የሚከሰው በሬውን ስላላረደ ሳይሆን ስላልጠበቀው ነው፤ ማሰርም መጠበቅ ነው። በፀጥተኛ መንገድ፣ በቀን ብርሃን፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድና ከፊቱ ሰፊ ርቀት የሚተው ሰው በሬውን አስሮታል። የማቆሚያው ርቀት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ፍጥነትን በግማሽ መቀነስ ርቀቱን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ ከየትኛውም መለዋወጫ የሚበልጥ ማሻሻያ ነው። ወሰኑ በከተማ መሐል ይታያል፤ እዚያ ርቀቱን የሚወስነው አሽከርካሪው ብቻ አይደለም፤ በተወው ክፍተት ሌላ መኪና ይገባበታል። በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው በጥንቃቄው ብቻ ሊመካ አይችልም።

ለውጥ የሚያስፈልግ ከሆነ በቂ የሆነው ትንሹ ለውጥ ይበልጣል። ብዙ ጊዜ ደካማ የሚባለው ፍሬን የተበላሸ ፍሬን ነው። ከበሮው ሞላላ ሆኖ ይገኛል፤ ሸራው ከከበሮው ቅስት ጋር ስላልተስተካከለ በጫፉ ብቻ ይነካል፤ ካቦው አርጅቶ ይለጠጣል። ከበሮውን በቶርኖ አስተካክሎ፣ ሸራውን በልኩ ቀርጾ፣ ካቦውን በአዲስ ተክቶ ፍሬኑን ፋብሪካው ወዳሰበለት ልክ መመለስ ማንነቱን የሚነካ አይደለም፤ እንዲያውም ይመልስለታል። ቀጥሎ የሚመጣው የዚያው ፋብሪካ የኋለኛ ዘመን ፍሬን ነው፤ በዝምድናው ከባዕድ ይሻላል። ዲስክ የመጨረሻው ደረጃ ነው። በአንድ ጎን የተገጠመ ዲስክ የፊቱን ጎማ የያዘውን ቀጭን ፎርኬላ ይጠመዝዘዋልና ፎርኬላው ይለወጥ ይላል፤ ፎርኬላው ሲወፍር ቸርኬውና መሪው የሚታሰርበት ብረት ይከተላሉ። አንድ ለውጥ ሌላውን እየጠራ ከሄደ፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ሞተር ሳይክል ባለቤቱ ሊያድነው የተነሣው መሆኑ ያጠራጥራል። በሆብስ ጥያቄ እንደተሰበሰቡት ሳንቃዎች የወለቁት ክፍሎች ሣጥኑን ሞልተውታልና።

ከዲስክ ወገን ኖርተን ኮማንዶ የተሰኘው ሌላው የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል አንድ ትምህርት አለው። ከ1972 ጀምሮ የፊት ዲስክ ነበረው፤ ሆኖም እጀታው ጠንካራና ፍሬኑ የደነዘዘ ነው እየተባለ ሲነቀፍ ኖሯል። የታወቀው መፍትሔ በመሪው ላይ ያለውን የፍሬን ዘይት ሲሊንደር በውስጡ ቱቦ አስገብቶ ከ15.9 ሚሊ ሜትር ወደ 13 ሚሊ ሜትር ማጥበብ ነው። በፓስካል ሕግ መሠረት ያው የእጅ ጉልበት በጠበበው ስፋት ላይ ሲያርፍ የዘይቱ ግፊት ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠጋል። ከውጭ ሲታይ ምንም አልተለወጠም፤ ፍሬኑ ግን ሌላ ፍሬን ሆኗል። በአንጻሩ ለጌጥ የተቀባ ቀለም መልኩን ፈጽሞ ይለውጥና ሥራውን አይነካም። ማንነትን በዓይን ብቻ የሚመዝን ሰው ስለዚህ ቀለሙን ይከስሳል፣ ቱቦውን ያልፋል። ቱቦው ግን ስላልታየ ብቻ ሊደበቅ አይገባም፤ መመዝገብ አለበት።

የተሻሻለ ፍሬን አንድ ፈተና ይዞ ይመጣል። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሳም ፔልትስማን በ1975 በአሜሪካ የመኪና ደኅንነት ደንቦች ላይ ባቀረበው ጥናት ሰዎች የተሰጣቸውን ደኅንነት መልሰው በድፍረት እንደሚያወጡት ተከራክሯል። የመከራከሪያው ስፋት እስከ ዛሬ አከራካሪ ቢሆንም አደጋው በሞተር ሳይክል ላይ ግልጽ ነው፦ የ31 ሜትሩ ፍሬን የተገጠመለት ሰው ያተረፈውን 18 ሜትር ለልጅቷ ትቶት ሊሄድ ይችላል፤ በፍጥነት መንዝሮ ለራሱ ሊወስደውም ይችላል። በሁለተኛው መንገድ ከሄደ የጥንቱንም ምስክር አጥፍቷል፣ ለሰውም ምንም አልጨመረም።

ግዴታው ከመንገድ ጋር ይመጣል፤ ከመንገድ ጋርም ይሄዳል። በሙዚየም የቆመ ቦንቪል ማንንም ስለማይገጭ ከበሮው፣ ካቦውና ያረጀው እጀታ እንደ ነበሩ ሊቆዩ ይገባል፤ እዚያ ዲስክ መግጠም ያለ ምክንያት ምስክርን ማጥፋት ነው። ለመንገድ የሚወጣው ላይ ደግሞ የወለቀው ሁሉ ሳይበሳና ሳይቆረጥ በሣጥን ይቀመጣል፤ አንድ ቀን ወደ ሙዚየም የሚወስደው ሰው ይመልሰዋል። ሞተር ሳይክሉ ሲሸጥ ሣጥኑ አብሮ ይሰጣል፤ ምን እንደተለወጠ፣ ፍሬኑ በስንት ሜትር እንደሚያቆም፣ በቁልቁለት ምን እንደሚያደርግ ለገዢው በቃልም በጽሑፍም ይነገረዋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ገዢውም እንደ ተነገረው የበሬ ባለቤት ነው።