አስማት ምስክር ሊሆን ይገባዋልን?

የወንድሜ ልጅ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መጻሕፍት ያነባል፤ ይልቁንም ወጣቶች ሌባና ነፍሰ ገዳይ የሚፈልጉበትን፣ በምርመራውም መካከል አስማትና የሙታን መንፈስ የሚገባበትን ታሪክ ይወዳል። ባለፈው ክረምት አንዱን መጽሐፍ ጨርሶ ሲያጥፍ፣ «ጋሼ፣ አስማቱ እውነተኛውን ሌባ የሚያሳይ ከሆነ፣ በእርሱ መፍረድ ምን ነውር አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አስማት ራሱ ነውር ነው» ብዬ ልመልስለት ቃጣኝ። ነገር ግን ልጁ የጠየቀኝ ስለ ፍርድ እንጂ ስለ አስማት አለመሆኑን ተረዳሁና ዝም አልሁ። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱን እያነበበ እንዲተርክልኝ አደረግሁ። ይህንም የምጽፈው ያን ጊዜ ያልመለስሁለትን ጥያቄ ለመመለስ ነው።

የወንጀል ምርመራ ታሪክ የሚጽፉ እንግሊዞች ቀድሞ አስማትን ከድርሰታቸው ያርቁ ነበር። አርተር ኮናን ዶይል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. በመጽሐፍ ባወጣው የባስከርቪል ውሻ ታሪክ፣ ሰዎች ከሲኦል የወጣ አውሬ ነው ብለው የፈሩት፣ በመጨረሻ የሚያበራ ፎስፎረስ የተቀባ ውሻ ሆኖ ተገኘ። ሮናልድ ኖክስ የተባለ የካቶሊክ ቄስ ደግሞ፣ እርሱም ራሱ የዚህ ድርሰት ጸሐፊ ነበርና፣ በ1929 ዓ.ም. ለጸሐፊዎች ዐሥር ደንቦች ሲያወጣ፣ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ሁሉ ከታሪኩ እንዲወጣ በሁለተኛው ደንብ ወሰነ። ይህን የወሰነው በመንፈስ ዓለም የማያምን ሰው አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ካህን ነውና።

ቅኔ የተማረ ሰው የዚህን ደንብ ምክንያት ሳይቸገር ያስተውለዋል። ባለቅኔ ወርቁን በሰሙ ውስጥ ይሰውራል፤ ሰሚውም ሰሙን መርምሮ፣ ኅብሩን ለይቶ፣ ወርቁን በገዛ ልቡናው ያወጣዋል። ሰሙ ያልያዘውን ወርቅ ከውጭ አምጥቶ «ምሥጢሩ ይህ ነው» የሚል ተማሪ ቢኖር፣ መምህሩ «ከየት አመጣኸው?» ብሎ ይመልሰዋል። የምርመራም ታሪክ እንዲሁ ነው። አንባቢው ያላየውን፣ ሊያየውም የማይችለውን ነገር አስማት በመጨረሻው ገጽ ቢገልጥለት፣ ተታለለ እንጂ አልተማረም።

የዛሬዎቹ የወጣቶች መጻሕፍት የኖክስን ደንብ አፍርሰዋል። የተሻሉት ግን ደንቡን ቢያፈርሱም ምክንያቱን ጠብቀዋል። ጆናታን ስትራውድ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው «ጯኺው ደረጃ» በሚባለው መጽሐፍ፣ በለንደን ከተማ የሙታን መንፈስ በሌሊት ይዞራል፤ የነካውንም ይገድላል። ይህን መንፈስ አጥርተው የሚያዩትና የሚሰሙት ወጣቶች ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሲገፋ ጸጋው ይርቃቸዋል። ሉሲ የምትባል ልጃገረድ ከብዙ ዓመታት በፊት የተገደለች ሴት ድምፅ ትሰማለች፤ የሟቿም ኀዘን በልቧ ይገባል። ነገር ግን መንፈሱ የገዳዩን ስም አይነግራትም። በጉዳዩ አንድ ሰው ተጠርጥሮ ይያዛል፤ እርሱም ገዳዩ አይደለም። ወጣቶቹን ወደ እውነተኛው ሰው የመራቸው በሟቿ የአንገት ጌጥ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም ዐይን ያለው ሁሉ ሊያነበውና ሊከራከርበት የሚችል ነገር ነው።

ጄ. ኬ. ሮውሊንግም በ1999 ዓ.ም. ባወጣችው የሃሪ ፖተር ሦስተኛ መጽሐፍ፣ ሲርየስ ብላክ የተባለ ሰው ባልሠራው ግድያ ዐሥራ ሁለት ዓመት ታስሮ እናገኘዋለን፤ ለፍርድም ሳይቀርብ እንደ ታሰረ በሚቀጥለው መጽሐፍ ይነገራል። ሞተ የተባለው ሰው አይጥ ሆኖ በሕይወት ይኖር ነበር። የሚያስደንቀው፣ ይህ የሆነው እውነትን የሚያናግር መጠጥ ባለበት አገር መሆኑ ነው። መጠጡ ነበረ፤ እስረኛውን ጠርቶ «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚል ዳኛ ግን አልነበረም። እንግዲህ የአስማት መብዛት ብቻውን ፍርድን እንደማያስገኝ ደራሲዋ አሳየችን።

የዚህ ነገር ሥሩ ግን ከእነዚህ ደራስያን ይልቅ ጥንታዊ ነው። በሶስና ታሪክ ሁለት ሽማግሎች በንጽሕት ሴት ላይ በሐሰት መስክረው ለሞት ባስፈረዱባት ጊዜ፣ እግዚአብሔር የወጣቱን የዳንኤልን መንፈስ አስነሣ። ዳንኤልም «መንፈስ ነግሮኛልና እመኑኝ» ብሎ አልቆመም። ሁለቱን ለያይቶ፣ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት እያንዳንዳቸውን ጠየቀ፤ አንዱ የጠራውን ዛፍ ሌላው አልጠራውም። ከላይ የተላከ ወጣት እንኳ የረታው ሕዝብ በሰማው ጥያቄና መልስ ነው።

በአገራችንም ወጣትና ረቂቅ ኃይል በወንጀል ምርመራ የተገናኙበት ልማድ ነበረ፤ ሌባ ሻይ ይባላል። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፣ ጢስም ያጤሱታል፤ ራሱን ሲስት ወገቡን አስረው ይከተሉታል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ጌታ የጠፋውን ገንዘብ ይከፍል ነበር። ልጁን «እንዴት ዐወቅህ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ራሱን የሳተ አይጠየቅምና። ከፋዩም የሚከራከረው ሰው አላገኘም።

እኔም የዚህን ነገር ጥላ በቅኔ ቤት አይቻለሁ። አንድ ተማሪ በብራና የተጻፈ ዳዊቱ ጠፋበት። ከታላላቆቻችን አንዱ አውደ ነገሥት ገልጦ የሁላችንንም ስም ከነእናታችን ስም ቢቆጥር፣ ቁጥሩ ከሩቅ አገር በመጣ በአንድ ታናሽ ልጅ ላይ ወደቀ። የመታው ማንም የለም፤ ነገር ግን ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ አብሮት የሚቈርስ ጠፋ። በሦስተኛው ሌሊት አኮፋዳውን ይዞ ሄደ። ክረምት ሊገባ ሲል የጎጆው ክዳን ቢታደስ፣ ዳዊቱ ከማገሩ ላይ ተሸጕጦ ተገኘ፤ ባለቤቱ ከዝናብ ሊሰውረው አስቀምጦ ረስቶት ነበር። ልጁን ፈልገን አላገኘነውም። እኔ ቆጠራውን አላመንሁበትም ነበር፤ ግን አልተናገርሁም።

ብዙ ዘመን የዚያ ቀን በደል ቁጥሩ መሳሳቱ ይመስለኝ ነበር። የወንድሜ ልጅ ጥያቄ ግን ወደ ሌላ ሐሳብ መራኝ። ቁጥሩ እውነተኛውን ሌባ አግኝቶ ቢሆንስ ኖሮ? በዚያም ጊዜ ቢሆን በደል ነበረ እላለሁ። ምስክር «የት ቆመህ አየህ? ብርሃን ነበረን? ከዚህ ሰው ጋር ጠብ አለህን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ቁጥር ግን አይጠየቅም። ፍርድ ማለት በደለኛውን ማግኘት ብቻ አይደለም፤ የተከሰሰው የሚመልስበት መንገድ መኖሩም ነው። ይህን መንገድ በበደለኛው ላይ የዘጋ በንጹሑም ላይ ዘግቶታል፤ ከፍርድ በፊት ሁለቱን የሚለይ የለምና።

አንዳንድ አባቶች እነዚህን መጻሕፍት ከልጆች እጅ እንነጥቅ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልብ ወለድ ነው፣ ጉዳት የለውም ይላሉ። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ልጅ በታሪክ ውስጥ መፍረድን ይለምዳል፤ ስለዚህ የሚያነበው ነገር ያለ ጉዳት ወይም ያለ ጥቅም አይቀርም። ስለ ተነጠቀበት መጽሐፍ ግን ማንንም አይጠይቅም፤ የወንድሜ ልጅም መጽሐፉ ተነጥቆበት ቢሆን ኖሮ እኔን ባልጠየቀኝ ነበር።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፤ ልጄ ሆይ፣ አንብብ። አስማቱ በታሪኩ ውስጥ መንገድ ቢጠቁም አትደንግጥ፤ ጥርጣሬ ከየትም ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን አስማቱ በዳኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ባየህ ጊዜ መጽሐፉን ዝቅ አድርገህ፣ የተከሰሰው ሰው ምን መለሰ ብለህ ጠይቅ። ማንም ያልጠየቀው ከሆነ፣ ደራሲው ወንጀለኛውን በትክክል ቢያገኘውም ታሪኩ አላለቀም። በዙሪያህም እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ብታይ፣ እኔ በዕድሜህ ሳለሁ እንዳደረግሁት ዝም አትበል።