መንገዱን ማን ይሸከም?

ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሲሬ፣ በባኮ፣ በጌዶ፣ በጉደርና በአምቦ አድርጎ ለሚጓዝ ጤነኛ ሰው የአንድ ቀን ድካም ቢሆን ነው። ከጉቶ ጊዳ አንዱ ገጠር ቀበሌ የተነሳች የማኅፀን ጫፍ ካንሰር ያለባት ሴት ግን መንገዱን በኪሎ ሜትር አትለካውም። የምትለካው ለትኬቱ በምትሸጠው ጊደር፣ ለጎረቤት ትታቸው በምትሄደው ልጆች፣ አብሯት በሚጓዘው አስታማሚ የሥራ ቀን ነው፤ ደም እየፈሰሳት ከማታውቀው ሰው ጎን ስትቀመጥ የሚሰማትን ሀፍረትም አንባቢ ይጨምርበት።

እንዲህ ሆና ሐኪም ፊት ስትቀርብ ብዙ ጊዜ የምትሰማው «እስካሁን ለምን ቆየሽ?» የሚለውን ነው። ሐኪሙ በሽታው መቼ እንደጀመራት ማወቅ ይገባዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ጥያቄው ከአፍ ሲወጣ ፍርድ ይዞ ይወጣል። ቆየሽ የተባለች ሴት መምጣት እየቻለች የቀረች ናት ማለት ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት ሰው ለማይችለው ነገር ግዴታ እንደሌለበት ይከራከር ነበር። ይህን ለመረዳት እንኳ ፈላስፋ መሆን አያስፈልግም፤ እግሩ የታሰረን ሰው ለምን አልሮጥክም ብሎ የሚወቅስ የለም። ድህነትና ርቀት ግን ገመዳቸው ስለማይታይ ወቀሳው ይቀላል።

ነገሩን የሚያከብደው የሕክምናው ጠባይ ነው። የጨረር ሕክምና አንድ ቀን ተወግተው የሚመለሱበት አይደለም። ለማኅፀን ጫፍ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስት ሳምንታት ያህል ይሰጣል። መሃል ላይ ሲቋረጥ ጥቅሙ ይቀንሳል። አገልግሎቱ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ ይገኝ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ ወረፋውም በወራት ይቆጠር ነበር። እንግዲህ መንገድ ስንል ትኬት ብቻ ማለታችን አይደለም። ማደሪያ ነው፣ ምግብ ነው፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ ከአንድ ወር በላይ መኖር ነው። ሕፃን ልጃቸውን በካንሰር የተነጠቁ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት የማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ ማዘጋጀቱ ችግሩ የት ላይ እንዳለ የገባው ሰው ሥራ ነው።

በሌላ ወገን የሚነሳውን ክርክር ንቄ አላልፈውም። የጨረር መሣሪያ ወፍራም የኮንክሪት ግንብ፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ የሠለጠነ የፊዚክስ ባለሙያ ይፈልጋል። ጥቂት መሣሪያ ያለው አገር በየወረዳው ሊተክለው አይችልም፤ አንድ ቦታ ሰብስቦ ብዙ ሰው ማከም ያዋጣል። እውነት ነው። ግን መሣሪያው አንድ ቦታ በመሰብሰቡ የተረፈው ገንዘብ በርግጥ ተርፏል ወይስ ከመንግሥት ካዝና ወደ ገበሬው መቀነት ተዛውሯል? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ሒሳቡ ላይ የማይጻፍ ወጪ ስለሆነ ቁጠባ መስሎ ይታያል እንጂ።

የማኅፀን ጫፍ ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር የአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶችን ፍለጋ የሄደው ትምህርት ቤታቸው ድረስ ነበር። ርቀቱን የተሸከመው ክትባቱ ነው። ለእናትየዋ ሲሆን ግን ርቀቱ የእርሷ የግል ጣጣ ይሆናል። ክትባቱን በማቀዝቀዣ ይዞ መዞር ይቻላል፣ ግንቡን መሸከም አይቻልም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ሰውን መሸከም ግን ይቻላል!

ይህ ደግሞ ለወለጋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። መኪና በማይገባበት መንደር ሰው ሲታመም ጎረቤት ቃሬዛ ያበጃል፤ ትከሻ እየተቀያየሩ ዳገት ቁልቁለቱን ይዘውት ይወጣሉ። በሽተኛውን የሸክም ዋጋ የሚጠይቀው የለም። ይህ ሥርዓት የሚያበቃው አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ቃሬዛው ይወርድና ሰውየው ተሳፋሪ ይሆናል። የማኅበረሰብ ጤና መድኅኑም ቢሆን የሚያስበው የሕክምናውን ዋጋ እንጂ የአውቶቡሱን አይደለም። አውስትራሊያን የመሰለ ሰፊ አገር ከሩቅ ለሚመጣ በሽተኛ የመጓጓዣና የማደሪያ ድጎማ ይሰጣል። ሀብታም ስለሆኑ ነው ይባል ይሆናል። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ግን ሀብታም አልነበሩም።

አሁን ጅማና ሐረርም የጨረር ሕክምና ጀምረዋል። ጅማ ከነቀምቴ በበደሌ በኩል 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ትንሽ ይቀርባል፤ ለደምቢ ዶሎ ሰው ግን አሁንም ሩቅ ነው። በዚያ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ የተካሄደው ግጭት መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶታል፤ በ2012 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወቅት ቀጠሮዋን ያሳለፈች ሴት ካርዷ ላይ «አቋረጠች» ተብሎ ይጻፍ ይሆን? የሪፈር ወረቀቱን የሚጽፈው ባለሙያ ከፊርማው በፊት «በምን ትሄጃለሽ? የትስ ታድሪያለሽ?» ብሎ ቢጠይቅና መልሷን እዚያው ወረቀት ላይ ቢያሰፍረው፣ ሲሆን ሲሆን ወረዳው ወይም ዕድሩ ቀድሞ ይደርስላታል፤ ባይደርስላት እንኳ ወረቀቱን የሚቀበለው ሐኪም ለምን ቆየሽ ሊላት ሲል መልሱን አስቀድሞ ያነበዋል።