የስደት መንግሥት ገንዘብና የቄሣር መልክ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገራቸው የተያዘባቸው አንዳንድ መንግሥታት ከስደት ሆነው ለቅኝ ግዛቶቻቸው የወረቀት ገንዘብ አሳትመዋል። የኔዘርላንድ መንግሥት ለንደን ተሰዶ ሳለ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. የንግሥት ዊልሄልሚና መልክ ያለበትን ኖት አሜሪካ ውስጥ አሳተመ። ኖቱ የታሰበላት የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በጃፓን እጅ ነበረች። በቦታው የሚያስከብረው ዳኛም ወታደርም የሌለው የኖት ቃል ሰውን በምን ያስራል?

መልሱን በገንዘቡ ላይ ባለው መልክ የሚፈልጉ አሉ። ወንጌል እንደሚተርከው ክርስቶስ ስለ ግብር ሲጠየቅ ዲናር አስመጥቶ መልኩ የማን እንደሆነ ጠየቀ። ከዚህ ተነሥቶ፣ በቄሣር ገንዘብ የሚነግድ የቄሣር ግብር አለበት የሚል ትርጓሜ ይሰጣል። የጠገራ ብር ታሪክ ግን ይህን ትርጓሜ ይፈትነዋል። በጎንደርና በአርማጭሆ ገበያ የታመነው ይህ ብር በ1780 እ.ኤ.አ. የሞተችው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ መልክ አለበት። ሻጩ ብሩን አገላብጦ በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ እንክብሎች ይቆጥር ነበር፤ ካልተፋቁ ይቀበል ነበር። 28 ግራም ከሚመዝነው ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነውና፣ ተቀባዩ ለኦስትሪያ መገዛትም ማንንም ማመንም አላስፈለገውም።

ወረቀት ግን አውጪውን ማመን ይጠይቃል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ሊሬን ሕጋዊ ገንዘብ አደረገ፤ ቆይቶም ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ የተለየ ኖት አወጣ። ባላገሩ ግን ጠገራውን አልለቀቀም። ሮም አስቀድማ በ1927 ዓ.ም. ይህንኑ ብር የመምታት መብት ከኦስትሪያ ወስዳ ስለነበር፣ ወራሪው በራሱ ኖት ያላገኘውን አመኔታ ከሙት ንግሥት መልክ ፈለገ። በአርማጭሆ አርበኞቹ እነ አሞራው ውብነህ በዱር በገደሉ ሲዋጉ፣ ሊሬ ማጠራቀም ተራ የንግድ ጉዳይ አልነበረም። ሊሬ ያከማቸ ሰው ሀብቱ ከጣሊያን መቆየት ጋር ይታሰራል፤ ጠገራ የያዘ ግን ማንም ቢያሸንፍ አይከስርም። ስለዚህ ግዴታን የሚያመጣው መልኩ አይደለም፤ ያዢው ለአውጪው የሚሰጠው እምነት ነው። እምነት ደግሞ በአዋጅ አይገደድም፤ የወራሪን ኖት አለመቀበልም ኃጢአት ሊባል አይገባም። የስደት መንግሥት ኖት ከወራሪው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስገድድበት ኃይል ስለሌለው ሰው የሚቀበለው ወዶ ብቻ ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን በእንግሊዝ አገር ስደታቸው እንዲህ ያለ ኖት አላወጡም። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሲገቡ ለዘመቻው የሚከፈለው በጠገራ ብር ነበር። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላም የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገሩ ይሠራ ነበር። አዲሱ የኢትዮጵያ ኖት ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ከአሜሪካ በውሰት በመጣ ብር የተሠራ የ50 ሳንቲም ሽርፍራፊ አብሮት ወጣ።