ለድኻ ቃል ስለ መግባትና ስለ ድምፁ አደራ

ስለ ድኻ የሚናገር ሁሉ ድኻን የሚወድ እንዳይደለ ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 12 አስረድቶናል። ማርያም በቢታንያ ሽቱውን በጌታችን እግር ላይ ባፈሰሰች ጊዜ፥ ይህ በ300 ዲናር ተሽጦ ለድኾች መሰጠት ነበረበት ብሎ የተቈረቈረው ይሁዳ ነው። ወንጌላዊውም የተናጋሪውን ልብ ሲገልጥ፥ ይህን ያሰኘው ለድኾች ማዘኑ እንዳልነበረ፥ የገንዘቡ ከረጢት በእጁ እንደ ነበረና ከሚገባበትም ይወስድ እንደ ነበረ ይነግረናል። እንግዲህ ልብ እናድርግ። የይሁዳ ቃል ለብቻው ቢታይ የምጽዋት ቃል ይመስላል፤ ማንኛውም ሰባኪ ቢናገረው ባላፈረበት ነበር። ክፋቱ የታወቀው ከረጢቱን የያዘው ማን እንደ ሆነ በተመረመረ ጊዜ ነው።

ከዚህ ተነሥተን፥ በአገራችን ምርጫ በተቃረበ ቍጥር ስለሚሰማው የምረጡኝ ቃል ጥቂት ልንናገር እንወዳለን። አንዱን ፓርቲ ለማንሣት ሌላውንም ለመጣል አንጽፍም፤ ይህ የካህን ሥራ አይደለም። እኛን ያሳሰበን የነፍስ አባቶች ከንስሐ ልጆቻቸው ሊጠየቁት የሚችሉት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ «አባቴ፥ ለልጆቼ የሚሆን ዘይትና ስኳር ተቀብዬ እመርጥሃለሁ ብዬ ምያለሁ፤ ልቤ ግን ወደ ሌላው ያደላል፤ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። የተማረውም ያልተማረውም ካህን መልስ ሊያዘጋጅለት ይገባል።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። እጩ የሚለው ቃል አጨ ከሚለው የወጣ ነው፤ በግእዙ ሐፀየ ይባላል። ስለዚህ ለሹመት እጩ የሆነ ሰው የሕዝብ እጮኛ ነው ማለት ነው። ሊያገባ የሚመጣ ሰው ሽማግሌ ይልካል፥ ደጅ ይጠናል፥ ጥሎሽም ይጥላል፤ በዚህ ነውር የለበትም። ነውሩ ጥሎሹን ከሙሽራይቱ አባት ጎተራ ሰርቆ ያመጣው እንደ ሆነ ነው።

ይህን በይርጋጨፌ እንየው። በጌዴኦ ደጋ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥና እስከ ጥር ነው። ምርጫ ግን በ1997፥ በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. በግንቦት ወር፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሰኔ 14 ቀን ተደረገ። ይህ ወራት የቡናው ገንዘብ ያለቀበት፥ ቤተ ሰቡ እንሰቱን እየፋቀ ክረምቱን የሚጠብቅበት ነው። ቀኑ ሆን ተብሎ ለዚህ ተመረጠ አንልም። ነገር ግን በኅዳር ቢሰማ እንደ ጨዋታ የሚታለፍ ቃል በሰኔ ሲሰማ የተራበውን ሰው ልብ ያንቀጠቅጣል። ድምፅ ማጉያ የጫነው መኪና ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ እየወረደ መንገድ እናወጣለን፥ ውሃ እናስገባለን፥ ጤና ጣቢያ እንሠራለን ሲል፥ ገበሬው ቆሞ ያዳምጣል፤ ያመሰግናልም።

የሚያመሰግነው ግን ማንን ነው? መንገዱስ በማን ገንዘብ ይሠራል? በ2017 በጀት ዓመት አገራችን ቡና ወደ ውጭ ልካ ከ2 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ አግኝታለች። ይህ ገንዘብ ከደመና አልወረደም፤ የይርጋጨፌ ሴቶችና ልጆች ከየጓሮአቸው ቀይ ቀዩን መርጠው የለቀሙት ፍሬ ከምንጮቹ አንዱ ነው። ገበሬው ግብር ከፍሏል፥ ለጨውና ለሳሙናው ሳይቀር ቀረጥ ከፍሏል። እንዲህ ከሆነ አበዳሪው እርሱ ነው፤ መንገዱም የሚመለስለት ገንዘቡ ነው። እጩው ይህን ዕዳ በስጦታ ስም ባወጀ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አበዳሪው እንደ ተበዳሪ አንገቱን ይደፋል፥ ዕዳ ከፋዩም እንደ መጽዋች እጁ ይሳማል። የይሁዳን ከረጢት ያነሣነው ስለዚህ ነው።

የዚህን ጥበብ አባት ማወቅ የሚወድ ሰው በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 15 የአቤሴሎምን ታሪክ ያንብብ። ሠረገላና ፈረሶች፥ በፊቱም የሚሮጡ 50 ሰዎች አዘጋጀ፤ ማልዶም እየተነሣ በበሩ አጠገብ ይቆም ነበር። ባለ ጉዳዩን ሁሉ ጠርቶ ከየትኛው ከተማ እንደ መጣ ይጠይቀዋል፤ ዛሬም በየቋንቋው ሰላምታ ተምሮ እንደሚመጣው መሆኑ ነው። ነገርህ እውነት ነው፥ ነገር ግን ከንጉሡ ዘንድ የሚሰማህ የለም ይለዋል፤ እኔ ፈራጅ ብሆን ይላል፤ ሊሰግድለት የቀረበውንም እጁን ይዞ ይስመዋል። በዚህ ሁሉ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አቤሴሎም ለመጣው ሁሉ እውነተኛ አንተ ነህ ይለው ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ግን ሁለቱም እውነተኞች ሊሆኑ አይችሉም። ለሁሉ የፈረደ ለማንም አልፈረደም። ሕገ ኦሪትም በዘጸአት 23 ለድኻ እንኳ ቢሆን በፍርድ እንዳናዳላ የከለከለው ማባበል ፍርድን እንዳይተካ ነው። ደግሞም አቤሴሎም ኢየሩሳሌም ገብቶ በነገሠ ጊዜ የአንድ ድኻ ጉዳይ አየ የሚል ቃል በመጽሐፉ አናገኝም። መጽሐፍ የእስራኤልን ልብ ሰረቀ ብሎ ሥራውን በስሙ ጠርቶታል።

ይሁን እንጂ ለዳዊትም አናዳላ። በበሩ የሚሰማቸው ዳኛ በጊዜው ቢያገኙ ኖሮ ያ ሁሉ ባለ ጉዳይ ለአቤሴሎም ባልተረፈ ነበር። በሩ ባዶ ሲሆን የሚሆነውን ጌዴኦ ያውቀዋል። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የእንደራሴዎች ምርጫ ሲደረግ ፓርቲ አልነበረም፤ ተመራጩም ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ስለዚህ ድኻው ሊመርጥ ይችል ነበር፥ ሊመረጥ ግን አይችልም ነበር። ከ3 ዓመት በኋላ በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች ከባለ ርስቶች ጭነት የተነሣ ተነሡ፤ በሚጪሌም ደም ፈሰሰ። ቤተ ክርስቲያናችንም በዚያ ዘመን በአገሪቱ ባለ መሬት ስለ ነበረች ይህን የምንጽፈው አንገታችንን ዝቅ አድርገን ነው። እጩ ዛሬ የድኻውን ደጅ ማንኳኳቱ፥ ጭቃውን ረግጦ መምጣቱ፥ ከዚያ ዘመን ይሻላል። ሽማግሎችም ሮብዓምን ለሕዝቡ በጎ ቃል ተናገራቸው ብለው መክረውት ነበር፤ እርሱ ግን እንቢ በማለቱ ዐሥሩን ነገድ አጣ።

ከማባበል የሚከፋው ማስፈራራት ነው። የሚሰጥ እጅ ሊከለክልም ይችላልና። በ2003 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት ዘር፥ ማዳበሪያ፥ ብድርና የሴፍቲኔት እርዳታ ለደጋፊ ይሰጣል፥ ከተቃዋሚ ይከለከላል ብሎ ክስ አቀረበ፤ መንግሥትም ክሱን አልተቀበለውም። በዚያ ክርክር እኛ ዳኛ አይደለንም። ነገር ግን በየትም አገር፥ በማንም መንግሥት ዘመን፥ የተራበ ሰው እህሉን ሲቀበል ማንን ትመርጣለህ ተብሎ ቢጠየቅ፥ እህሉ ያን ጊዜ መማለጃ ሆኗል።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ድምፅ ከእግዚአብሔርና ከጎረቤት የተቀበልነው አደራ ነው፤ ከእርሱ የተነሣ የሚሾመው ሰው በመበለቲቱም፥ ገና ባልተወለደውም ሕፃን ላይ ይሾማልና። አደራ አይሸጥም። ሲሞን መሠሪ የመንፈስ ቅዱስን ስጦታ በብር ሊገዛ በመጣ ጊዜ፥ ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ዋጋው አልተከራከረም፤ ብሩን ከነባለቤቱ ረገመው እንጂ። እኛ ካህናት ክህነትን በገንዘብ የመግዛትን ኃጢአት ስሙን ከነቅጣቱ ተምረናል፤ የዚህን ታናሽ ወንድም ለይተን ማወቅ አይሳነንም። በበዓለ ንግሥ ቀን እጩውን በጥላና በመስቀል አጅቦ በሕዝብ መካከል የሚያሳልፍ ካህን ቢኖር ግን አላወቀውም።

መሐላውስ? ሄሮድስ በመሐላው አፍሮ የዮሐንስን አንገት አስቈረጠ፤ በየዓመቱ መስከረም 2 ቀን የምናስበው ይህን ነው። ክፉ ለማድረግ የማለ ሰው መሐላውን ቢያፈርስ ይሻለዋል፤ ስለ መማሉ ግን ንስሐ ይግባ፥ የነፍስ አባቱም ቀኖና ይስጠው። ዘይቱንና ስኳሩን ካልመለስህ ብሎ ማስጨነቅ አይገባም፤ ልጆቹ በልተውታል። ለሰጪውም የልብ ምስጋና ቢያቀርብ አንከለክለውም። ሕገ መንግሥታችን ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ አዟል፤ የምርጫ ወረቀቱ ምልክት የሚደረግበትም ስፍራ ከሰው ዓይን የተከለለ ነው። ዘይት የሰጠው ሰው እዚያ አብሮት አይገባም፤ የነፍስ አባቱም አይገባም።