ሶደቃ ወይስ ሐቅ?

ዓብደላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ዓይነ ስውር ነበሩ። ሆኖም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን ነበሩ። ንጋቱን ማየት ስለማይችሉ ሰዎች ነግቷል ይሏቸዋል፤ እርሳቸውም አዛን ያደርጋሉ። ዓይናማው ሕዝብ በረመዳን መብላቱን የሚያቆመው የእሳቸውን ድምፅ ሰምቶ ነበር። ታዲያ ንጋቱን በቃል የነገራቸው ሰው ሶደቃ ሰጣቸው እንላለን?

ውድ አንባቢያን! ይህን ያነሳሁት በኮምፒዩተር ምክንያት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአብዛኛው ኮምፒዩተር ትእዛዙም መልሱም ጽሑፍ ነበር። ፊደሉ በመሣሪያው ውስጥ ፊደል ሆኖ ስለሚቀመጥ፣ ድምፅ አውጥቶ የሚያነብ ፕሮግራም ሲጨመርበት ዓይነ ስውሩም ይሠራበታል። በ1990ዎቹ እንደ ዊንዶውስ ያሉ በሥዕል የሚታዘዙ ሥርዓቶች ሲስፋፉ ግን ለዓይናማው ቀለለ፤ ለዓይነ ስውሩ በሩ ጠበበ። አንባቢው ፕሮግራም ከፊደል ይልቅ የነጥብ ክምር ገጠመው። ክፋት ታስቦ አልነበረም፤ ተረስተው ነው። መረሳት ግን ለተረሳው ሰው ከክፋት በምን ይለያል?

በ1995 ዶክተር ቲ. ቪ. ራማን የተባሉ፣ ራሳቸው ዓይነ ስውር የሆኑ የሕንድ ተወላጅ የኮምፒዩተር ሊቅ፣ ኢማክስፒክ የተሰኘ ፕሮግራም በነጻ አሰራጩ። ኢማክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ የሚሠራ ነው። ገጹን እንዳለ ማንበብ አይበቃም ባይ ናቸው። የቀን መቁጠሪያን እንውሰድ፤ ተራው አንባቢ ቁጥሮችን ብቻ ይደረድራል። የእሳቸው ግን የቆሙበትን ዕለት ከነወሩና ከነዓመተ ምሕረቱ ይናገራል።

“ስንት ዓይነ ስውር አለና ነው ይህ ሁሉ ድካም?” የሚል አይጠፋም። የአንድ ሰው ሐቅ ባለቤቱ አንድ ስለሆነ ይቀራል እንዴ? ደግሞም ወጪው የሚበዛው ቤቱ ከተሠራ በኋላ በር እንክፈት ሲባል ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች በላቲን ፊደል ቦታ የእኛን ፊደል መልክ ይስሉ ነበር። ለዓይን “ሰላም” የሆነው ለመሣሪያው ትርጉም የለሽ ምልክት ነበር። ዛሬ ይህ ሰበብ የለም። እኛ ግን የሥራ ማስታወቂያውን፣ የመስጂድ ግንባታ ጥሪውን፣ የጀናዛውን መርዶ ሳይቀር ፎቶ አንስተን በቴሌግራም እንለቃለን። ያንኑ ቃል ከሥሩ መተየብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት ለሰፈራችን ሰዎች የላክሁት የዚያራ ጥሪ ፎቶ ብቻ ነበር። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ዓይነ ስውር ናቸው፤ አልመጡም።