የረቂቅ ሙዚቃ ሥልትና የቆላው ጆሮ

የዘመናችን ረቂቅ ሙዚቃ አንድ መልክ የለውም። የሥልቱን መብዛት የመንፈስ መዋለል አድርገው የሚቆጥሩት አሉ፤ ነጻነት ነው የሚሉም አሉ። የኢትዮጵያ ጠበብት ሥራ ሁለተኛውን ወገን ይደግፋል። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ (1916–2015 ዓ.ም.) ፒያኖን ከአገር ቅኝትና ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ጋር አዋሐዱ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር ዶክተር አሸናፊ ከበደ «ኮቱሬዥያ» በተባለው ድርሰታቸው የጃፓኑን ኮቶ ከምዕራባውያን መሣሪያዎች ጋር አገናኙ። ግርማ ይፍራሸዋ ባለዋሽንቱን እረኛ በፒያኖ ሣሉ። መንገዳቸው ይለያያል፤ እያንዳንዳቸው ግን ከሚያውቁት እውነት ተነሥተዋል።

ይሁንና የሥልት ብዛት በራሱ ፍትሕ አይደለም። በአዋሽና በሚኤሶ መካከል፣ በቦርደዴ ቆላ ግመሉን የሚያሰማራው አርብቶ አደር እነዚህን ሥልቶች ሁሉ ቢሰማ የራሱን ድምፅ ያገኝባቸዋልን? ካላገኘ፣ የአዳራሹ ሥልት መቶ ቢደርስም ለእርሱ አንድ ነው፤ የሌላ ሰው ድምፅ።

ይህ ማለት ግን ደራሲው ፒያኖውን ጥሎ የአርብቶ አደሩን ዘፈን እንዳለ ይገልብጥ ማለት አይደለም። ግልባጭ ጥበብ አይሆንም። ሳያዳምጡ በሕዝብ ስም መናገር ግን ከግልባጭ ይከፋል። ስለዚህ አዲስ ሥልት የሚሻ ደራሲ አስቀድሞ ያዳምጥ፤ መምህሩም የአካባቢውን ዜማ በክፍሉ ውስጥ እንደ ዕውቀት ይቁጠረው።